ከቀዶ ሕክምና ክፍል እስከ ፒፔት ጫፍ፦ በሕይወት ያለ የሰው የአንጎል ሕዋስ እንዴት ይጠናል?

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ዛሬ የምናገረው ፓች ክላምፕ ስለሚባል የመለኪያ ዘዴ ነው። ዘዴው ወደ አንድ ነጠላ የነርቭ ሕዋስ የሚገባውንና ከእርሱ የሚወጣውን እጅግ ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ለመለካት የሚያስችል ሲሆን፣ ላለፉት አርባ ዓመታት ስለ ነርቭ ሕዋሳት አሠራር ካወቅነው አብዛኛው የተገኘው በእርሱ አማካይነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ እውቀት በአብዛኛው ከእንስሳት የተወሰደ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት «የነርቭ ሕዋስ እንዲህ ይሠራል» ብለው ሲያስተምሩን፣ የተለካው ሕዋስ ብዙውን ጊዜ የአይጥ፣ የእንቁራሪት ወይም ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነበር። የሰውም እንደዚያው ነው ብለን የተቀበልነው በቂ ማስረጃ ይዘን ሳይሆን፣ በሕይወት ያለ የሰው አንጎል ሕዋስ አግኝቶ መለካት እጅግ አስቸጋሪ ስለነበረ ነው። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ግን በአምስተርዳም፣ በሴጌድ፣ በሲያትል፣ በበርሊንና በሌሎች ጥቂት ከተሞች ያሉ ቡድኖች ይህን ችግር በከፊል አልፈውታል። ውጤታቸውም የሰው ሕዋስ ተልቆ የሚታይ የአይጥ ሕዋስ አለመሆኑን እያሳየን ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ባጭሩ ልግለጽ። የነርቭ ሕዋስ በስስ የቅባት ሽፋን የተከለለ ነው። የሽፋኑ ውፍረት 5 ናኖ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም አዮኖችን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸውን ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ በራሱ አያሳልፍም። ከሽፋኑ ውጭ ሶዲየም ይበዛል፤ ከውስጥ ደግሞ ፖታሲየም። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው በሽፋኑ ላይ የተተከለ፣ ሳያቋርጥ ሶዲየምን እያስወጣ ፖታሲየምን የሚያስገባ ፕሮቲን ነው። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ በእረፍት ላይ ሳለን ከምንጠቀመው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን የሚወስድበት ዋና ምክንያትም ይኸው የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። በዚህ የአዮኖች ልዩነት የተነሣ በእረፍት ላይ ያለ የነርቭ ሕዋስ ውስጡ ከውጭው ሲነጻጸር በ70 ሚሊ ቮልት ገደማ አሉታዊ ይሆናል። ሕዋሱ በቂ ቅስቀሳ ሲደርሰው በሽፋኑ ላይ ያሉት የሶዲየም መተላለፊያዎች፣ ማለትም አዮን የሚያሳልፉ የፕሮቲን ቀዳዳዎች፣ ይከፈታሉ፤ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ቮልቴጁ ለቅጽበት ወደ አዎንታዊ ይገለበጣል፤ ወዲያው የፖታሲየም መተላለፊያዎች ተከፍተው ወደ ነበረበት ይመልሱታል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጀውን ይህን ክስተት የነርቭ ምት እንለዋለን። ማየት፣ ማሰብ፣ እጅን ማንሣት፣ አሁን እናንተ እኔን መስማታችሁ፣ ሁሉም የእነዚህ ምቶች ሥራ ነው።

ይህ እውቀት የተገኘው ከስኩዊድ ነው። የስኩዊድ ትልቁ የነርቭ ክር ውፍረቱ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ በውስጡ ቀጭን ሽቦ ማስገባት ይቻላል። አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ እንግሊዝ አገር በፕሊመዝ የባሕር ምርምር ጣቢያ በዚህ ክር ላይ ሠርተው፣ በ1939 የነርቭ ምትን ከሕዋስ ውስጥ መለካታቸውን አሳተሙ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1952 ደግሞ ምቱ በሶዲየምና በፖታሲየም ፍሰት እንደሚፈጠር በሒሳብ ቀመር አስረዱ። በ1963 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ቀመሮቻቸው ዛሬም ይሠራሉ። ሆኖም የአንጎላችን ሕዋሳት አካል በአማካይ ከ10 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ ሽቦ የሚገባበት ቦታ የለውም። በተጨማሪም ሆጅኪንና ሃክስሊ የለኩት የብዙ ሺህ መተላለፊያዎችን ድምር እንጂ የአንዱን ብቻ አልነበረም፤ እንዲያውም በዚያ ዘመን መተላለፊያዎቹ በእርግጥ የተለዩ ቀዳዳዎች መሆናቸው ገና አልተረጋገጠም ነበር።

ይህን ያረጋገጡት ኤርቪን ኔህርና በርት ሳክማን ናቸው። በጀርመን አገር በጎቲንገን ከተማ በማክስ ፕላንክ ተቋም ሲሠሩ፣ ሕዋስን ከመውጋት ይልቅ ፒፔት የሚባለውን ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ጫፍ በሽፋኑ ላይ አሳርፈው ከጫፉ ሥር ያለውን ትንሽ ቁራጭ ሽፋን ብቻ ለመለካት ሞከሩ። በ1976 ከእንቁራሪት ጡንቻ ላይ የአንድ ነጠላ መተላለፊያን መከፈትና መዘጋት መዝግበው አሳተሙ። ፍሰቱ ጥቂት ፒኮ አምፒር ነበር። አንድ ፒኮ አምፒር በሰከንድ ስድስት ሚሊዮን የሚያህሉ አዮኖች ሲያልፉ የሚፈጠር ፍሰት ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም በኤሌክትሪክ መለኪያ ዓለም እጅግ ኢምንት ነው። በመዝገባቸው ላይ የሚታየው መስመር ቀስ እያለ አይወጣም፤ በአንድ ጊዜ ዘሎ ይወጣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። መተላለፊያው ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ። የአንድ ፕሮቲን ሥራ በሚሠራበት ቅጽበት በዓይን ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል።

ችግሩ ግን በፒፔቱ ጠርዝና በሽፋኑ መካከል ፍሰት ያፈስስ ነበር። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች የጋኑን አፍ ሲመርጉ በትንሿ ስንጥቅ አየር እንዳይገባ እንደሚጠነቀቁ ሁሉ፣ በዚህም ሥራ ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው በምርጊቱ ጥብቀት ነው። ማፍሰሻው ሰፊ ከሆነ የኤሌክትሪኩ ረብሻ የምንፈልገውን ምልክት ይውጠዋል። በ1980 ኔህር አዲስ የተሠራና ንጹሕ የሆነ ፒፔት በሽፋኑ ላይ አድርጎ ጥቂት ሲስብ፣ ብርጭቆውና ሽፋኑ እጅግ ጠብቀው እንደሚጣበቁና በመካከላቸው ያለው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ፍሰትን የመከልከል አቅም፣ ከአንድ ቢሊዮን ኦም በላይ እንደሚሆን አስተዋለ። ይህ የጊጋ ኦም ምርጊት ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1981፣ ሃሚል፣ ማርቲ፣ ኔህር፣ ሳክማንና ሲግዎርዝ ዘዴውን በዝርዝር አሳተሙት፤ ከምርጊቱ በኋላ ጥቂት ጨምሮ በመሳብ ከጫፉ ሥር ያለውን ሽፋን ቀዶ ወደ ሕዋሱ ውስጥ በኤሌክትሪክ መግባት እንደሚቻልም አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪው ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፦ የሕዋሱን ቮልቴጅ በሚፈልገው ቁጥር ላይ ቆልፎ የሚያልፈውን ፍሰት ይለካል፤ አለዚያም ፍሰት እየሰጠ ሕዋሱ በስንት ምት እንደሚመልስ ይመለከታል። ኔህርና ሳክማን በ1991 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዘመን የሳክማን ቡድንና ባልደረቦቻቸው ዘዴውን በሕይወት ባለ ስስ የአንጎል ቁራጭ ላይ እንዲሠራ አደረጉት፤ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ሲጨመርበት በቁራጩ ውስጥ ጠለቅ ብለው ያሉ ሕዋሳትን ሳይቀቡ በዓይን እያዩ መምረጥ ተቻለ።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። በሕይወት ያለ የሰው አንጎል ሕዋስ ከየት ይገኛል? ለጥናት ብሎ የሰውን አንጎል የሚቆርጥ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ሕዋሱ የሚገኘው ለታካሚው ሕክምና ሲባል በግድ ከሚወጣ ሥጋ ብቻ ነው። ዋነኛው ምንጭ የሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከሚጥል በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከእነርሱ መካከል ሲሶ የሚያህሉት በመድኃኒት ብቻ አይሻላቸውም። ከእነዚህ በከፊሉ የበሽታው መነሻ ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል በጥልቀት፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው ስፍራ ይገኛል። ቀዶ ሐኪሙ ወደዚያ ለመድረስ ከላይ የሚገኘውን፣ ኮርቴክስ ከሚባለው የአንጎል ውጫዊ ክፍል የሆነውን ሥጋ ማንሣት አለበት። ይህ የሚነሣው ክፍል ብዙ ጊዜ የበሽታው መነሻ አይደለም፤ ወደ ታመመው ስፍራ የሚያደርስ መንገድ ላይ ስለተገኘ ብቻ የሚወጣ ነው። በቀድሞው ልማድ ከፊሉ ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል፤ የቀረው ይጣላል። ለጥናት የሚውለው ይኸው የሚጣለው ነው። ሁለተኛው ምንጭ ጥልቅ የሆነ የአንጎል ዕጢ ለማውጣት በሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚነሣ፣ ከዕጢው ራቅ ያለ ሥጋ ነው።

ታካሚው አስቀድሞ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት በጽሑፍ ካልፈቀደ፣ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ካላጸደቀ ይህ ሥራ አይጀመርም። ከፈቀደም በኋላ ለጥናቱ ሲባል አንዲት ሚሊ ሜትር ተጨማሪ አይቆረጥም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰው ስለ አንጎሉ ሲሰማ መፍራቱ ተገቢ ስለሆነና ፍርሃቱን ማቃለል የተመራማሪው ግዴታ ስለሆነ ነው።

ሥጋው ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ሥራው ከጊዜ ጋር ነው። ሐኪሙ በሚያነሣበት ጊዜ ሥጋውን በሙቀት እንዳይተኩሰውና እንዳይጨፈልቀው መጠንቀቅ አለበት፤ በዚህ ምክንያት ጥሩ ውሂብ የሚጀምረው ከላቦራቶሪው ሳይሆን ከቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው እላለሁ። በሩ ላይ የሚጠብቀው ተመራማሪ ሥጋውን ወዲያው በበረዶ በቀዘቀዘ፣ የአንጎልን ፈሳሽ በሚመስል ድብልቅ ውስጥ ያስገባዋል፤ በድብልቁ ውስጥ 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ጋዝ ሳያቋርጥ ይፍለቀለቃል። ላቦራቶሪ ሲደርስ ሥጋውን የሸፈነው ስስ ሽፋን በጥንቃቄ ይገፈፋል፤ ከዚያም በሚንቀጠቀጥ ምላጭ 300 ወይም 350 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ወዳላቸው ቁራጮች ይከፈላል። ቁራጮቹ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ አርፈው ሲያገግሙ ሕዋሳቱ እንደገና ይሠራሉ።

ከዚያ በኋላ ፒፔቱ ይመጣል። የብርጭቆ ቱቦ በሙቀት ተስቦ ጫፉ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮ ሜትር እስኪሆን ይቀጥናል፤ የሕዋስን የውስጥ ፈሳሽ በሚመስል፣ ፖታሲየም በበዛበት ድብልቅ ይሞላል፤ በብር ክሎራይድ የተለበጠ የብር ሽቦ ይገባበታል። ፒፔቱ ወደ ቁራጩ ሲወርድ ጫፉ እንዳይደፈን ከውስጥ ጥቂት ግፊት ይሰጠዋል። ወደ ሕዋሱ ሲጠጋ በሽፋኑ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ትታያለች። በዚያች ቅጽበት ግፊቱ ይለቀቃል፤ ብዙ ተመራማሪዎች በቀጭን ላስቲክ ቱቦ በአፋቸው ቀስ ብለው ይስባሉ። ውድ መሣሪያ በተሞላበት ክፍል ውስጥ እስከ ዛሬ የሰው ትንፋሽን ያህል ስስ ቁጥጥር የሚሰጥ ቀላል ነገር ስለሌለ ነው። በመለኪያው ላይ ሬዚስታንሱ ከሜጋ ኦም ወደ ጊጋ ኦም ሲዘል ይታያል። ምርጊቱ ካልያዘ ፒፔቱ ይጣላል፤ ሌላ ይገባል፤ አንድ ያገለገለ ፒፔት ብዙውን ጊዜ ዳግመኛ ጥሩ ምርጊት አይሰጥም። ጠረጴዛው በአየር ላይ የተንሳፈፈ መሆን አለበት፤ የሚራመድ ሰው እግር ንዝረት ሕዋሱን ከፒፔቱ ጫፍ ሊነጥቀው ይችላል።

ከአንድ ሰው የተገኘ ሥጋ እንደገና አይገኝም። በጥሩ ክብካቤ ቁራጮቹ ከ12 ሰዓት በላይ፣ በአንዳንድ ላቦራቶሪዎችም እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ስለሚቆዩ፣ ቡድኖች ተራ ገብተው ሌሊቱን ሙሉ ይለካሉ። መለኪያው ሲያበቃ ሕዋሱ በፒፔቱ በኩል ባዮሳይቲን በሚባል ንጥረ ነገር ይሞላል፤ በኋላ ሲቀለም ቅርንጫፎቹ በሙሉ ይታያሉ፣ በኮምፒውተርም ይነደፋሉ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ፓች ሴክ በተባለው ዘዴ የሕዋሱን ይዘት በዚያው ፒፔት ስቦ የትኞቹ ዘረ መሎች ሥራ ላይ እንደነበሩ ማንበብ ተችሏል። ስለዚህ ከአንድ ሕዋስ ሦስት ነገር ይገኛል፦ እንዴት እንደሚመታ፣ ምን እንደሚመስልና ምን ዓይነት ፕሮቲኖችን ለመሥራት እንደተዘጋጀ። የእነዚህ ሦስቱ በአንድ ሕዋስ ላይ መገናኘት ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ፋይዳ አለው፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ሦስቱ በሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች እጅ፣ በሦስት ልዩ ልዩ ሕዋሳት ላይ ይጠኑ ስለነበር ስለ አንድ ዓይነት ሕዋስ እየተናገሩ መሆናቸውን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም ነበር።

ምን ተገኘ? የመጀመሪያው መጠን ነው። የሰው ኮርቴክስ ከአይጡ ይወፍራል፤ በላይኛዎቹ ንጣፎች ያሉት ፒራሚድ መሰል ሕዋሳት የተቀባይ ቅርንጫፎቻቸው ጠቅላላ ርዝመት ከአይጡ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ የአምስተርዳሙ ቡድን በ2015 አሳይቷል። መርዘም ብቻውን ጥቅም አይደለም። የኤሌክትሪክ ምልክት በረጅም ቅርንጫፍ ላይ ሲጓዝ ይደክማል፣ ይዘገያልም። ሕዋሱ ሲተልቅ ሌላው ነገር ሳይለወጥ ቢቀር ኖሮ የሰው ሕዋስ ከአይጡ ቀርፋፋ በሆነ ነበር። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። ያው ቡድን በ2014 እንዳሳተመው፣ በሰው ሕዋሳት መካከል ያለው መገናኛ፣ ሲናፕስ የምንለው፣ በተደጋጋሚ ሠርቶ ሲደክም ከአይጡ ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ፈጥኖ ያገግማል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚያሳልፈው መረጃ ይበልጣል።

ትልቁ ሕዋስ መዘግየቱን እንዴት ተቋቋመው የሚለው ጥያቄ ገና ያልተዘጋ ነው፤ ለዚህም ነው ጥቂት ልቆይበት የምፈልገው። በ2016 የኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲና የአምስተርዳም ተመራማሪዎች የሰው ሕዋስ ሽፋን ቻርጅ የመያዝ አቅሙ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.5 ማይክሮ ፋራድ ያህል እንደሆነ አሳተሙ፤ ይህም ለሌሎች እንስሳት ከተለመደው ከ1 ማይክሮ ፋራድ ግማሽ ነው። አቅሙ ካነሰ ሽፋኑን ለመሙላት የሚያስፈልገው ጊዜ ያጥራል፤ ምልክቱም ይፈጥናል። ውበት ያለው መልስ ነበር። ነገር ግን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራ ሌላ ቡድን በጥልቁ አምስተኛ ንጣፍ ያሉ የሰው ሕዋሳትን በ2018 በቀጥታ ሲለካ ያንን ልዩነት አላገኘም። በዚያው ዓመት የሲያትሉ አለን ተቋም ተመራማሪዎች በላይኛዎቹ ንጣፎች ያሉ የሰው ሕዋሳት ኤች የሚባሉትን መተላለፊያዎች ከአይጡ እጅግ አብዝተው እንደሚይዙ አሳዩ፤ እነዚህ መተላለፊያዎች ሕዋሱ ወደ አሉታዊው ሲያዘነብል የሚከፈቱና ምልክቱ በረጅሙ ቅርንጫፍ ላይ ሳይጎተት እንዲደርስ የሚረዱ ናቸው። በ2021 ደግሞ የማሳቹሴትሱ ቡድን የአሥር አጥቢ እንስሳትን የአምስተኛ ንጣፍ ሕዋሳት አነጻጽሮ፣ ከሕዋሱ መጠን ጋር በሥርዓት ይሄድ ከነበረው ደንብ የወጣው ሰው ብቻ እንደሆነ፣ የሰው ሕዋስ ከሚጠበቀው ያነሰ የመተላለፊያ ፍሰት እንዳለው ገለጸ። የእነዚህ ውጤቶች አለመስማማት እኔን አያሳስበኝም። እያንዳንዱ ቡድን የለካው ሌላ ንጣፍ፣ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ነው፤ «የሰው ሕዋስ» የሚል አንድ ነገር እንደሌለ የሚያስተምረንም ይኸው ነው።

በአይጥ ውስጥ ያልታየ የሕዋስ ዓይነትም ተገኝቷል። ሃንጋሪ ውስጥ በሴጌድ ከተማ የጋቦር ታማሽ ቡድን በኮርቴክስ የመጀመሪያ ንጣፍ ላይ ሲለካ፣ ሌሎችን ሕዋሳት የሚያረግብ፣ የክሩ ጫፎች እብጥ እብጥ ያሉና ጥቅጥቅ ያሉ አንድ ዓይነት ሕዋስ አጋጠመው፤ የጽጌረዳ ቅጠሏ ከረገፈ በኋላ የሚቀረውን ፍሬ ስለመሰለም በፍሬው ስም ጠራው። የሲያትሉ ቡድን በበኩሉ ከሞቱ ሰዎች በተገኘ አንጎል ዘረ መሎችን ሲያነብብ ከዚሁ ሕዋስ ጋር የሚገጥም ዓይነት አገኘ። ሁለቱ ቡድኖች ተባብረው በ2018 አሳተሙት። ሕዋሱ በአይጥ ኮርቴክስ ውስጥ አቻ አልተገኘለትም። ከአይጥ ብቻ ብንማር ኖሮ መኖሩን አናውቅም ነበር።

በርሊን ውስጥ ደግሞ በ2020 የታተመ ጥናት፣ የሰው ሕዋስ ቅርንጫፍ ራሱ ልዩ የካልሲየም ምት እንደሚያመነጭ አሳየ። ምቱ የሚጠነክረው ቅስቀሳው ልክ ሲሆን ነው፤ ቅስቀሳው ሲበዛ ይደክማል። ይህ ማለት አንድ ቅርንጫፍ ከሁለት መልእክቶች አንዱ ብቻ ሲመጣ መልስ ሰጥቶ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ዝም ሊል ይችላል፤ ይህን ዓይነቱን ስሌት ለመሥራት ብዙ ሕዋሳት በአንድነት ያስፈልጋሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር። በዚያችው ከተማ የሻሪቴ ሆስፒታል ተመራማሪዎች እስከ አሥር ሕዋሳት ድረስ በአንድ ጊዜ በአሥር ፒፔት እየያዙ፣ ከ23 ታካሚዎች በተገኘ ሥጋ ላይ ማን ለማን እንደሚናገር ለኩ። በ2024 ባሳተሙት መሠረት በሰው ላይኛ ንጣፎች መልእክቱ በአብዛኛው ወደ ፊት ይሄዳል፤ በአይጥ እንደሚታየው ተመላልሶ ወደ መነሻው አይመጣም። አንድ ምርጊት ለመያዝ ያለውን ድካም ለሚያውቅ ሰው አሥሩን በአንድ ቁራጭ ላይ አብሮ መያዝ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ መናገር አያስፈልገኝም።

በ2018 ከአምስተርዳም የወጣ አንድ ውጤት በጋዜጦች ብዙ ተወርቶለታል። ከቀዶ ሕክምናቸው በፊት የአእምሮ ችሎታ ፈተና የወሰዱ ታካሚዎች ሕዋሳት ሲለኩ፣ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ረዘም ያሉ ቅርንጫፎችና በተደጋጋሚ ሲመቱም ፍጥነታቸው የማይቀንስ ምቶች ታዩባቸው። ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ ከአንድ ሰው የሚለካው ጥቂት ሕዋስ ነው፤ ግንኙነቱም ትልቅ አይደለም፤ ሕዋሱ በመርዘሙ ሰውየው ብልህ ሆነ ወይስ የተማረና ብዙ የሠራ አንጎል ሕዋሱን አሳደገ የሚለውን ሊመልስ አይችልም። ሰዎችን በሕዋሳቸው ለመመደብ የሚፈልግ ሰው ይህን ጥናት ምስክር አድርጎ ሊጠራው አይገባም።

ይህ ሁሉ ለታማሚው ምን ይጠቅማል? በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚታዘዘውን ፌኖባርቢታልን እንውሰድ። መድኃኒቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል፤ በሕዋስ ላይ ምን እንደሚያደርግ በዝርዝር የታየው ግን በፓች ክላምፕ ነው። ጋባ የተባለው ንጥረ ነገር የሚከፍተውን የክሎራይድ መተላለፊያ ፌኖባርቢታል ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ያስረዝመዋል፤ ዳያዜፓም የተባለው ሌላ መድኃኒት ደግሞ የሚከፈትበትን ድግግሞሽ ይጨምራል። ሁለቱም ሕዋሱን ያረግባሉ፤ መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የተባሉት መድኃኒቶች በሌላ በኩል የሶዲየም መተላለፊያዎችን ስለሚይዙ ሕዋሱ በተደጋጋሚ እንዳይመታ ያደርጋሉ። አሁን አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ ተመልከቱ። ድራቬ የተባለው ከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታ በአብዛኛው የሚመጣው የሶዲየም መተላለፊያ በሚሠራ አንድ ዘረ መል ጉድለት ነው፤ ሆኖም ለእነዚህ ሕፃናት የሶዲየም መተላለፊያን የሚይዝ መድኃኒት ሲሰጥ በሽታው ሊብስ ይችላል። ምክንያቱ መተላለፊያው በይበልጥ የጎደለው በሚያረግቡት ሕዋሳት ላይ ስለሆነ ነው፤ መድኃኒቱ ቀድሞውንም የደከመውን ልጓም ይብሱን ያላላዋል። የትኛው መተላለፊያ በየትኛው ሕዋስ ላይ እንዳለ ማወቅ ለሐኪሙ ትእዛዝ መሠረት የሚሆነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው የኤች መተላለፊያዎችም በሰው ላይ ከአይጥ ይበልጥ መብዛታቸው፣ የእነዚህ መተላለፊያዎች ዘረ መል ጉድለት ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከሚጥል በሽታ ጋር መያያዙ፣ አይጥ ላይ ብቻ የተፈተነ መድኃኒት ለምን በሰው ላይ እንደተጠበቀው እንደማይሠራ ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

የዘዴውን ገደቦችም መናገር አለብኝ። ሥጋው የተገኘው ከታመመ ሰው ነው፤ ያ ሰው ለዓመታት መድኃኒት ወስዷል፤ የበሽታው ጥላ ከመነሻው ርቆ ባለው ሥጋም ላይ ላለማረፉ ሙሉ ዋስትና የለም። ተመራማሪዎች ይህን ለመቆጣጠር ከሚጥል በሽታ ታካሚና ከዕጢ ታካሚ የተገኙትን ሕዋሳት ያነጻጽራሉ፤ ሁለቱም ላይ የታየ ነገር የበሽታው ሳይሆን የሰው ባሕርይ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ቁራጩ ከቀሪው አንጎል ስለተለየ ከሩቅ የሚመጡ ክሮች ተቆርጠዋል። ሥጋው የሚገኘውም በአብዛኛው ከአንድ የአንጎል አካባቢ ነው።

ሌላው ገደብ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። የዚህ ጥናት ላቦራቶሪዎች በአብዛኛው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ስለሚገኙ የሚለኩትም ሕዋሳት በአብዛኛው የዚያ ነዋሪዎች ናቸው። የሚጥል በሽታ ግን የእኛም በሽታ ነው፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 ባሳተሙት መሠረት ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህሉ ይህ በሽታ ነበረባቸው። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ከተጀመረም ዓመታት ተቆጥረዋል። ፓች ክላምፕ ውድ ነው፤ ማይክሮስኮፑ፣ ማጉያው፣ ንዝረት የሚከላከለው ጠረጴዛ፣ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክና ጋዝ ሁሉ ያስፈልጋሉ። እኔ ግን ከመሣሪያው በፊት መዘጋጀት የሚችሉና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው በቀዶ ሐኪሙና በመሠረታዊ ሳይንስ መምህሩ መካከል የዘወትር ግንኙነት መፍጠር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ግቢ እየሠሩ ሳይተዋወቁ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛው የፈቃድ ቅጹ ነው። ቅጹ ከሌላ አገር ተተርጉሞ የመጣ ሳይሆን ታካሚውና ቤተሰቡ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በትግርኛ የታሰበና የተጻፈ መሆን አለበት። የሚወጣው ሥጋ ጥናት ቢኖርም ባይኖርም የሚወጣ መሆኑን፣ እምቢ ማለት በሕክምናው ላይ ምንም ለውጥ እንደማያመጣ፣ ሥጋው ለስንት ጊዜ እንደሚቆይና ወደ ውጭ አገር ይላክ እንደሆነ፣ ስሙ ከናሙናው ጋር እንደማይሄድ፣ ከአንጎል ተለይቶ በፈሳሽ ውስጥ ያለ ስስ ቁራጭ ሕመም ሊሰማው እንደማይችል፣ ሐሳቡን ቢለውጥ ለማን ደውሎ እንደሚናገር በግልጽ ሊያስረዳው ይገባል። ቅጹን የሚያነብለትም ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርግለት ሐኪም ሳይሆን ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል፤ ነገ ሕይወቱን ለሚረከብ ሐኪም ዛሬ «አይሆንም» ማለት ለታካሚ ከባድ ነውና።